ቁልፍ ሰባሪው ኮሚቴ

አሰላ
እሑድ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢርሾ፣ ያለህበት ድረስ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። በመጀመሪያ፣ የሞተ ሰው የለም። ይህን ያስቀደምኩት በዚህ ዘመን በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ የሚደርሰው ሰው ምን እንደሚያስብ ስለማውቅ ነው። እኔ ደህና ነኝ። አባም ደህና ነው፤ ብርዱ ጉልበቱን ስለያዘው ትንሽ ያነክሳል፣ ስትጠይቀው ግን "ቀስ ብዬ መራመድ ስለምወድ ነው" ይላል። ዶሮዎቹ ደህና አይደሉም፤ እነሱን ግን አታውቃቸውም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የተገዙ ናቸው።

ለምን በወረቀት እንደምጽፍልህ ልንገርህ። ባለፈው ሰኔ በቴሌግራም እንደምናወራ አባ ደርሶበት አስማለኝ። የዚያን ቀን ድንገት ዝም ያልኩህ ለዚህ ነው። ያስማለኝ ቃል በቃል እንዲህ ብሎ ነው፦ "ላትደውዪለት፣ በስልክ ላትጽፊለት፣ ድምፅ ላትልኪለት።" ወላሂ ብያለሁ፣ መሐላ መሐላ ነው። ስለ ወረቀት ግን አንድም ቃል አልተነሳም። ሃያ ስድስት ዓመት በግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ገቢና ወጪ ሲያደርግ የኖረ ሰው ደብዳቤን ቢረሳ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ይህን የምታደርስልህ ሲስተር ፅዮን ናት። ከጎንደር ተመድባ መጥታ እዚህ ሆስፒታል የምትሠራ፣ ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችን ነርስ ናት። እዚያው ዶሃ ሥራ አግኝታ ማክሰኞ ትበራለች። በደንብ ተቀበላት። ስለ ዶሮዎቹ ግን አታንሳባት፤ የተጣላነው በእነሱ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ላፕቶፕህ አልከፈት ብሏል። ትተኸው የሄድከው ጥቁሩ፣ የእማ ቪዲዮ ያለበት።

የትኛው ቪዲዮ ብለህ አትጠይቀኝም፤ ሌላ የለንማ። እማ ፎቶ መነሳት ስለማትወድ ከዚያ ሌላ የቀረን የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ወንጀል ሠርታ የተያዘች ነው የምትመስለው። ቪዲዮው አንተ ለኮሌጅ ሥራህ ሁሩታ ገበያ ላይ የቀረጽካት ነው፣ የገብስ ዘር እንዴት እንደሚመረጥ ስታስረዳ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሁለቱ ደቂቃ ስለ ዘር ነው፤ ዘጠኙ "ኢርሻድ፣ አጥፋው ይሄን ነገር ብዬሃለሁ!" እያለች ገብስ ስትወረውርብህ ነው። እኔ ስልኬ ላይ ገልብጬው ነበር። ስልኩ ባለፈው ክረምት የት እንደገባ አልናገርም። እሺ፣ ሽንት ቤት ነው።

አንድ የማታውቀው ነገር አለ። አባ ያየዋል። ዘወትር ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ "ማሽን ሳይሠራ ከዋለ ይበላሻል፣ ላሙቀው" ይልና በሩን ዘግቶ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ያሞቀዋል። አንተ ከሄድክ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ዓርብ አልዘለለም። ማንም የሚያውቅ አይመስለውም። ግድግዳችን ጭቃ መሆኑን የረሳ ይመስለኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ጀመረና ወደ ነህምያ ወሰድነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ኮምፒውተር የሚጠግነው ነህምያ፣ ታስታውሰዋለህ። አቧራውን አጸዳ፤ ያበጠውን ባትሪ ቀየረ፤ ሳንጠይቀውም "እግረ መንገዴን" ብሎ የማሽኑን ማስነሻ ፕሮግራም አደሰው። ሲያበራው ሰማያዊ ገጽ መጣና አርባ ስምንት አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር አስገቡ አለን።

"የምን ቁጥር?" አለ አባ።

"የዲስኩ ቁልፍ ነው ጋሼ። ውስጡ ያለው ሁሉ ተመስጥሯል።"

"ማን ቆልፍ አለው?"

"ማንም። አዳዲሶቹ ሲገዙ ጀምሮ ራሳቸውን ይቆልፋሉ፤ ባለቤቱ እንኳ አያውቅም። ሌባ ቢወስደው እንዳያነበው ተብሎ ነው። አሁን እኔ ውስጡን ነካክቼ ስላደስኩት ሌላ ሰው እጅ የገባ መሰለውና ደነገጠ።"

"እኔ ሌባ እመስላለሁ?"

"ለእሱ ሁላችንም አንድ ነን ጋሼ።"

አባ ይህን አልወደደውም። ዲስኩን ነቅለህ ሌላ ማሽን ላይ ስካው አለው፤ የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር በመብረቅ የተቃጠለ ጊዜ እንዲያ እንደተደረገ ያስታውሳል። ነህምያ ሳቀ። "ያ ድሮ ነው። ድሮ የሞተ ማሽን ሲመጣልኝ ዲስኩን ነቅዬ ሁሉንም አወጣ ነበር፤ ግማሹ አሰላ የሰርጉን ፎቶ ያገኘው በእኔ ነው። ይሄን ብነቅለው ግን የማገኘው ዱቄት ነው። ገብስ ከተፈጨ በኋላ ይቺ ከየትኛው ዛላ ናት ብለው ይጠይቁኛል?"

"ታዲያ ቁጥሩ የት ነው ያለው?"

"ላፕቶፑ መጀመሪያ ሲከፈት በማን ኢሜይል ነው የተመዘገበው? እዚያ ኢሜይል ስር ተቀምጧል። በማን ስም ነው?"

አባ ጣሪያውን አየ። ከዚያ "በቤተሰብ ስም" አለ።

በማግስቱ ለነህምያ ሱቅ ደብዳቤ ጻፈ። ቀልዴን አይደለም፤ ቁጥር ሰጥቶ፣ ቀን ጽፎ፣ "ጉዳዩ፦ ላፕቶፕ እንዲከፈት ስለመጠየቅ" ብሎ። ከስሩ ቀበሌ ሄዶ ያወጣውን የድጋፍ ደብዳቤ አያያዘ፤ የላፕቶፑ ባለቤት አባት መሆኑን የሚያረጋግጥ፣ ክብ ማኅተም ያለበት። ነህምያ ማኅተሙ ስላማረው ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እሱ እንደሚለው አባ ወረቀቱን ለላፕቶፑ ካሜራ ከፍ አድርጎ አሳይቶታል። አባ ይህን ክዷል።

ደብዳቤው መልስ ስላላገኘ ወደሚቀጥለው ደረጃ ተሸጋገረ። በመዝገብ ቤት አሠራር የካዝና ቁልፍ ሲጠፋ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ካዝናው ፊት ቆሞ ያስሰብራል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። "ኮሚቴ ያልሰበረው ቁልፍ አላጋጠመኝም" አለ። እኔም ይህን ኮሚቴ ሳላይ ከምቀር አንድ ፈተና ብወድቅ ይሻለኛል አልኩ፣ በልቤ።

ከትናንት በስቲያ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። አባላቱ እነዚህ ናቸው፤ ኦቦ ሁሴኖ፣ የእማ አጎት፣ ከዚህ እስከ ጮሌ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌለ፤ ጎረቤታችን ጋሽ በዛብህ፣ ለአንድ ዓመት ተመድበው መጥተው ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡት፤ ነህምያ ደግሞ በባለሙያነት። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም። ላፕቶፑ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጦ ሰማያዊ ገጹን ያበራል። እንደ ተከሳሽ።

ጋሽ በዛብህ ቀድመው ወደ ላፕቶፑ ዞሩና "ጎበዝ!" አሉት።

"ጋሽ በዛብህ፣ የተሰበሰብነው ልንሰብረው ነው" አለ አባ።

"ነስረዲን፣ የእኔን ረሳኸው? ናዝሬት መናኸሪያ የተሰረቀብኝን? አሮጌ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ አያውቅም። መታወቂያዬ፣ የቤቴ ካርታ፣ ሁሉም በኮፒ ውስጡ ነበር። ሌባው በስሜ ስምንት ሲም ካርድ አወጣ። እኔ በዛብህ መሆኔን ለማስረዳት ስድስት ወር ቢሮ ለቢሮ ተንከራተትኩ። ግጥሞቼን ሳይቀር አንብቦ ደወለልኝ!"

"ምን አለዎት?" አለ ነህምያ።

"እሱን ተወው።"

አባ ግን አልተረታም። "የእርስዎ መናኸሪያ ነው የተሰረቀው። ይሄ ከቤት አይወጣም። በዚህ ቤት ሌባ ገብቶ አያውቅም። ያልመጣን ሌባ እጠብቃለሁ ብሎ የቤቱን ሰው ውጭ የሚያስቀር ምን ዓይነት ዘበኛ ነው?"

እዚህ ላይ ቃለ ጉባኤው "አንድ ለአንድ" ይላል። ነህምያን ጠየቁት። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ አለ፤ እሱ ደንበኛ ማጣት አይፈልግም። "መቆለፉ ደግ ነው። ክፋቱ ሲቆለፍ ለሰው አለመናገሩ ነው። ቁጥሩን ያኔውኑ በወረቀት ጽፋችሁ ከቤት ካርታ ጋር ብታስቀምጡት ኖሮ ዛሬ እዚህ አንሰበሰብም ነበር።"

አባን ማየት ነበረብህ። ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ወረቀት ያልጠፋችበት ሰው፣ በገዛ ቤቱ አንድ ወረቀት ጎደለህ ተባለ። ጉንጩ ቀላ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ተራው የኦቦ ሁሴኖ ሆነ። ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን ራቅ አደረጉና፣ "ነስሮ፣ ውስጡ ምንድነው ያለው?" አሉ።

"ሰነድ ነው፣ ኦቦ።"

"የምን ሰነድ?"

"አስፈላጊ ሰነድ።"

"እኔ ማንበብ አልችልም፣ ሰነድ አያሳስበኝም። ለሰነድ ሲባል ደግሞ ይህን ያህል የከሳ ሰው አላየሁም። ምንድነው?"

አባ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ አጠፈ።

"የሰኪና ድምፅ አለበት" አለ፣ የእማን ስም ጠርቶ።

ጋሽ በዛብህ ኮፍያቸውን አወለቁ። ነህምያ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ ሻይ ልጨምር ብዬ ወጣሁ፤ ሻዩ አላለቀም ነበር። ስመለስ ኦቦ ሁሴኖ እጃቸውን ላፕቶፑ ላይ ጭነው እያወሩ ነበር፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፤ ነገር ሲከብዳቸው ሁለቱንም ይቀላቅላሉ።

"ይሄ ዕቃ አማና ተቀብሏል። ከጌታህ በቀር ለማንም አትስጥ ተብሏል፤ አልሰጠም። ለአባት አልሰጠም፣ ለቀበሌ አልሰጠም፣ ለማኅተምም አልሰጠም። በዕድሜዬ ብዙ ባለአደራ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። ስለዚህ እሱ ላይ የምንፈርድበት ነገር የለም። ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"ኳታር" አለ አባ።

"ኳታር ሰው ነው?"

አባ የሻይ ብርጭቆውን አዞረ።

"ነስሮ፣ ኳታር የሰው ስም ነው ወይ?"

"ኢርሻድ ጋ ነው" አለ። ስሙ ብዙ ጊዜ እንዳልተከፈተ በር ሲጢጥ እያለ ነው የወጣው።

"እንግዲያ ኮሚቴው የተሰበሰበው በተሳሳተ ጉዳይ ነው" አሉ ጋሽ በዛብህ፣ ኮፍያቸውን መልሰው እያደረጉ።

ቃለ ጉባኤውን እንዳለ እገለብጥልሃለሁ፦ "ኮሚቴው ዕቃውን መስበር እንደማይቻልም፣ እንደማይገባም ተረድቷል። ቁልፉ ከልጁ ዘንድ ስለሆነ አባት ልጁን ይጠይቅ። ረመዳን ሊገባ ስለሆነ ከዚያ በፊት ይሁን። ግልባጩ ለሚመለከተው ይላክ።" ኦቦ ሁሴኖ በጣታቸው አሻራ ፈረሙ። ጋሽ በዛብህ ፈረሙ። ነህምያ ፈረመ። አባ ራሱ ያቋቋመው ኮሚቴ ውሳኔ ላይ አልፈርምም አለ። "ከወጣህ አትደውልልኝ አልኩት፤ እሱም አልደወለም። ቃሌን ያከበረልኝን ልጅ እንዴት ብዬ ነው አሁን ደውልልኝ የምለው?" ብሎ ዶሮ ሊመግብ ወጣ። ዶሮዎቹን ጠዋት መግበናቸው ነበር።

ማታ ጠራኝና ውሳኔውን ነገረኝ፤ የራሱን ማለቴ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ነህምያ ላፕቶፑን ሙልጭ አድርጎ ያጸዳዋል፤ እንደ አዲስ ይሆናል፤ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ስለሆነ እኔ እለማመድበታለሁ። "የሞተ ሰው ድምፅ አይበላም፣ ፈተናሽ ይበልጣል" አለኝ፤ ግድግዳውን እያየ። አመሰግናለሁ አባ አልኩት። ከዚያ ቻርጀሩን ገብስ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት። ትናንት ቤቱን ሁሉ ሲፈልግ ዋለ፤ አብሬው ፈለግሁ። ይህ ግን ከአንድ ሳምንት በላይ አያቆየውም፤ ነህምያ ሱቅ ቻርጀር ሞልቷል።

እኔ እንኳ ቪዲዮውን ብዙ ጊዜ ስላየሁት አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ብቻ ላረጋግጥ ፈልጌ ነበር። መጨረሻው ላይ ወደ እኔ ዞራ የሆነ ነገር ትለኛለች፤ ምን እንደሆነ ሰሞኑን እያምታታኝ ነው። ያን ያህል አስፈላጊ አይደለም።

እንግዲህ ያንተ ሥራ ይኸውልህ። ላፕቶፑን በገዛህ ጊዜ በከፈትክበት ኢሜይል ግባ፤ የመዘገብካቸው ዕቃዎች የሚለው ውስጥ ቁጥሩን ታገኘዋለህ። ሰማያዊው ገጽ ላይ የቁልፉ መለያ ተጽፏል፤ በዚህ ወረቀት ጀርባ ገልብጬልሃለሁ፣ ከእሱ ጋር አስተያየው። ቁጥሩ እዚያ ካልተገኘ ነህምያ እንዳለው ፋብሪካው ራሱ ቢመጣ አይከፍተውም።

ቁጥሩን ግን ለእኔ አትላክልኝ። ሲስተር ፅዮንም በስልኳ ላስተላልፍ ብትልህ እምቢ በላት። ለአባ ደውልለት። በአሮጌው ቁጥሩ፤ አልቀየረውም። ሲም ካርዱ አሮጌ ስልክ ላይ ካልሆነ ስለማይገባ ለምን አትቀይረውም ብዬ ብጠይቀው፣ "ብዙ መሥሪያ ቤት በዚህ ነው የሚያውቀኝ" አለኝ። ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው፤ የደወለለት መሥሪያ ቤት አላየሁም። ስልኩን ግን በየቀኑ ቻርጅ ያደርጋል።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደውል፤ በረንዳው ላይ ብቻውን የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። ሲያነሳ በይቅርታም በናፍቆትም አትጀምር፤ ይዘጋብሃል። "ቁጥር ላስመዘግብ ነው" በለው። አባ ቁጥር አልመዘግብም ማለት አይችልም፤ ከአቅሙ በላይ ነው። እስክሪብቶ ይፈልጋል። መነጽሩን ይፈልጋል፤ መነጽሩ እኔ ጋ ይሆናል፣ ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። ከዚያ ስድስት ስድስት አድርገህ ስምንት ጊዜ አንብብለት። እያንዳንዷን ይደግምልሃል። "ሰባት ነው ወይስ ዘጠኝ?" ይልሃል። ሁሉንም ጽፎ ሲጨርስ ከላይ እስከ ታች መልሶ ያነብልሃል፤ እንዲያ ካላደረገ እንቅልፍ አይወስደውም። ስሌቴ ትክክል ከሆነ ከሃያ ደቂቃ አያንስም።

ማሽኑ ላይ የማስገባው ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ መሳሳት እችላለሁ። አልተቀበለም እላለሁ፤ እንደገና ትደዋወላላችሁ፤ ከመጀመሪያው። ስንት ጊዜ እንደምሳሳት የሚወሰነው በሁለታችሁ ጠባይ ነው።

ቁጥሩ ከሌለህ፣ ኢሜይሉ ጠፍቶብህ ከሆነ፣ ያም ሆኖ ደውል። የለኝም አባ በለው፣ በራስህ አፍ። እኔ ብዙ ነገር ልነግረው እችላለሁ፤ ይህን ግን አልችልም።

ይህን መስመር ስጽፍ አባ ከኋላዬ መጥቶ ቆሟል። ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት።

"ምንድነው?" አለኝ።

"ቃለ ጉባኤውን በንጹህ እየገለበጥኩ ነው።"

"ግልባጩ ለማን ነው?"

"ለሚመለከተው።"

ሲስተር ፅዮን ጓሮ ሻንጣዋን ስትጎትት ይሰማል፤ እሱም ሰምቷታል።

"ለሚመለከተው ተብሎ ፖስታ ላይ አይጻፍም" አለ። "እንዲያ ያለ ደብዳቤ መንገድ ላይ ይቀራል። ሙሉ ስም ይጻፋል፣ ከነአያቱ።"

ከዚያ ቀስ ብሎ መራመድ ስለሚወድ ቀስ ብሎ ወጣ።

አላህ ጾሙን ያግራልህ፤ በዚያ ሙቀት ውሃ ጥምህን ያቅልልህ፤ ደግ አሠሪ ይስጥህ፤ እጅህንም ወደ ስልክህ ይምራው። አሚን በል።

ፖስታው ላይ ሦስቱንም ስም ጽፌያለሁ። የመሃሉን ሁለት ጊዜ አድምቄዋለሁ።

እህትህ
ሙቢና
(የኮሚቴው ጸሐፊ)